ሰው ሁሉ ደግ የሆነበት ክረምት

አበባ አልወድም። ይህን ስናገር ሰው እንደ ክፉ ያየኛል፤ ይየኝ። ባለፈው ሐምሌ ጋሸና ላይ መኪና ስጠብቅ አንዲት የምግብ ቤት ሴትዮ ደጃፏን ስትጠርግ ከግድግዳው ሥር የበቀለ አሪቲ ረገጠች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የተረገጠ እርጥብ አሪቲ ሽታው አፍንጫ ላይ አይቆምም፤ ገብቶ ግንባርን ይይዛል። ያዘዝኩትን ሽሮ ትቼ ተነሣሁ።

"ምነው ወንድም፣ ዝንብ አገኘህበት እንዴ?" አለችኝ።

ምን ልበላት? አሪቲሽ የአክስቴን ግቢ አመጣብኝ ብላት ጠበል ሂድ ትለኝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። ስለዚህ እንደ ተማረ ሰው አሳምሬ አልጽፍም። ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ያን ጊዜ ያልገባኝንም እንዳልገባኝ እጽፋለሁ።

ወደ ላሊበላ ያመጣኝ አባቴ ነው። ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን ከብልባላ ተነሥተን፣ ጭቃው እያንሸራተተን፣ ከአህያችን ኋላ ቀኑን ሙሉ ተጓዝን። አባቴ መንገድ ላይ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። የሰው ማሳ እያየ "ይኼ ደግሞ ማረም የት ያውቃል" እያለ ሲሳደብ ነው አገር የሚያቋርጥ። ያን ቀን ግን ቃል አልወጣውም። ምክንያቱ እኔ የሆንኩ መሰለኝ። ራሴን ቆረቆር ወሮት በምላጭ ተላጭቼ፣ የሆነ የሚሸት ቅባት ተለቅልቄ ነበር። ከተማ ይዞኝ ሲገባ አፍሮ ነው አልኩ በልቤ።

"እትዬ ስመኝ ዘንድ ትቀመጣለህ" አለኝ ቁልቁለቱ ላይ። "ከተማ ነው፤ ትምህርት ቤት አለ። ሞላ ሲመጣ ያስመዘግብሃል።"

እትዬ ስመኝ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሞላ አንድ ልጇ ነው። እንደ ብዙው የላስታ ጎረምሳ ሰኔ ላይ ሰሊጥ ሊያርም ወደ ቆላ ወርዷል፤ ጥቅምት ይመለሳል፤ ጥር ላይ ይዳራል። ክረምት ያልሆነ ጊዜ የሚሠራው ፈረንጅ በሚያርፍበት ቤት አትክልተኝነት ነበር። ከዚያ እየቆረጠ፣ ዘሩን በኪሱ እያመጣ የእናቱን ግቢ አበባ በአበባ አድርጎታል።

ግቢው ድንጋይ ነው፤ ቁልቁለት ነው። ሞላ አፈር በጆንያ እየተሸከመ፣ በድንጋይ እየካበ፣ መደብ በመደብ አድርጎ ሠርቶታል። ከላይ ጽጌረዳ፤ ከሥሩ ያ ቢጫው፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚከረፋው አበባ፤ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ አሪቲና ጠጅ ሣር። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጦ የተከለባቸውም ነበሩ። ከጣሪያው ውኃ የሚወርድበት የታችኛው ጥግ ደግሞ እንሶስላ። እኔ ከምን አገር ነው የመጣሁት? ባቄላና ገብስ ከሚተከልበት። ሆድ በሚጎድልበት በነሐሴ የማይበላ ነገር ተክሎ ማረም ሊገባኝ አልቻለም።

"እትዬ፣ ይኼ ምን ይሆናል?" አልኳት የመጀመሪያውን ቀን።

"ይታያል" አለችኝ።

"ከታየ በኋላስ?"

"አይ የካሤ ልጅ! አባትህን ቁርጥ። ከታየ በኋላማ ይሸተታል።"

አባቴ በማግሥቱ ሲመለስ ሳመኝ። ስሞኝ አያውቅም። ፊቱ እርጥብ ነበር፤ ነገር ግን እየዘነበም ነበር። "ከሷ አትለይ" አለኝ። "ስትወጣ ተከተላት። ስትተኛ ጎኗ ተኛ።" ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ ለምን ሴትዮ ሲከተል እንደሚውል አልጠየቅሁም። አባት አይጠየቅም።

እዚህ ላይ የኋላ ኋላ የሰማሁትን ልናገርና ልለፈው፤ አንባቢን ማታለል አልፈልግም፤ ተታልዬ አውቀዋለሁ። ያኔ ሞላ ሞቷል። ሐምሌ ውስጥ ወባ ገድሎት እዚያው ቆላ ተቀብሯል። ጓደኞቹ መልእክት ልከው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ የንስሐ አባቷ ሰምተዋል፤ አባቴ ሰምቷል። እሷ ግን አልሰማችም። መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ በመንገድ አይነገርም። ዘመድ መሰብሰብ አለበት፤ ሙጃ ያሉት ዘመዶች መምጣት አለባቸው፤ ወንዙ ሞልቷል። ቀጥሎ ጾም ገባ፤ በጾም እንዴት ይነገራል ተባለ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ፣ ዘመን መለወጫዋን በሰላም ትዋልበት ተባለ። ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ሁሉም ምክንያቱ ደህና ነበር። እኔን ያመጡኝም ቀኑ ሲደርስ ቤቷ ባዶ እንዳይሆን ነው። ለትምህርት አልነበረም።

ያን ጊዜ የማውቀው ግን ሥራዬን ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ከቅጠሉ ላይ ቀንድ አውጣ እለቅማለሁ። ዝናብ ሲያባራ የውኃውን ፈሰስ በእንጨት እጠርጋለሁ። ዶሮዎች አባርራለሁ። አክስቴ ጽጌረዳውን ስትኮተኩት ታወራዋለች፤ "ጎንበስ በል፣ ምን ያኮራሃል" ትለዋለች። ከኔ ጋር ስታወራም ወሬዋ ሞላ ነው። ይህን ሞላ ነው የተከለው፤ ይህን ሞላ አትንኩ ብሏል፤ ይህ ሞላ ሲመጣ ያብባል። እኔም ሳላየው ለመድኩት። ለትምህርት ቤቱ ቀኝ እጄን በራሴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን መንካት ስለማመድ፣ "ሞላ ሲመጣ ይደርስልሃል" ትለኛለች።

ግራ የገባኝ የሰዉ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ደግ ነበር፤ ግን የሚሸሽ ደግ። ጎረቤታችን እትዬ ዳሳሽ ንፍሮ ታመጣለች፤ ጎመን ታመጣለች፤ አትቀመጥም። አክስቴ ጠጅ ሣር አጭዳ "እንኪ፣ ጎዝጉዢው" ስትላት እጇን ከነጠላዋ አታወጣም።

"ተይው ስመኝዬ፣ ቤቴ አልተጠረገም።"

"አንቺ ነሽ እኮ አምና ሳልሰጥሽ አጭደሽ የወሰድሽው!"

"ዘንድሮ ይቅርብኝ" ብላ ወደኔ ታይና ትወጣለች። ወደኔ ማየቷን ልብ አልኩ። የራሴ ቆረቆር ያረፈበትን ነገር መንካት ፈርታ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጠጅ ሣሩ አጠገብ አልደርስም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በረዶ ወረደ። የላስታ በረዶ ሲመጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አክስቴ ከቤት እንደ እብድ ወጣች። ሰፌድ፣ እንቅብ፣ ገበቴ፣ ያገኘችውን ሁሉ አበባ ላይ ትደፋለች። ለመጨረሻው ጽጌረዳ የሚደፋ ዕቃ ስታጣ ጋቢዋን ገፈፍ አድርጋ ጣለችበትና በረዶው ጀርባዋን ይወቃት ጀመር። በዚህ መሐል ከላይ ቤት አያ ደምሴ የራሱን እንቅቦች ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ይህ ሰው "ስመኝ፣ የአበባ ወጥ መች ነው የምትጠሪን?" እያለ በየመንገዱ የሚያላግጥባት ነበር አሉ። ያን ቀን አላላገጠም። በረዶው መላጣውን እየቀጠቀጠው፣ አበባውን እንደ ጫጩት ሲከድን አየሁት።

ሲያባራ አክስቴ ልብሷን እየጨመቀች ሳቀች። "ደምሴ፣ ምን ነካህ? አበባ ወደድክ?"

አያ ደምሴ መሬት መሬት እያየ፣ "ልጁ የደከመበት ነው" አለ። እንቅቦቹንም ሳይወስድ ሄደ።

"ዘንድሮ ሰው ደግ ሆነ" አለችኝ አክስቴ። እውነቷን ነበር። ደግነት የሚባለውን ነገር ከዚያ ወዲህ በጎን ነው የማየው።

ፍልሰታ ተፈታ፤ አሸንድዬ ሆነ። ልጃገረዶቹ ያንን ረጅም ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ እየመቱ፣ በየደጁ ይጨፍራሉ። አክስቴ በጠዋት ተነሥታ አበባ ቆረጠች። ከዚያ በፊት አንድ አበባ ስትቆርጥ አላየኋትም። ቢጫውን፣ ነጩን፣ ከጽጌረዳውም ጭምር ጣሳ ሙሉ ውኃ ውስጥ አድርጋ በር ላይ ቆመች። "በየዓመቱ ከኛ ደጅ ነው የሚጀምሩት። ሁሉም በጠጉሯ ሻጥ ታደርግና ነው ወደ ሌላው የምትሄድ" አለችኝ።

ከበሮው ከላይ መጣ። ዘፈኑ መጣ። አጥራችን ጋ ሲደርሱ ከበሮው ቆመ። ዘፈኑም ቆመ። በደጃችን ሲያልፉ የሚሰማው የወገባቸው ቅጠል ሲንሿሿ ብቻ ነበር። አንዳቸውም ወደ ውስጥ አላዩም። ከፊት የነበረችው የእትዬ ዳሳሽ ልጅ ትርንጎ ናት።

"ትርንጎ! አንቺ ትርንጎ! እኔ ምን አደረግሁ?"

ትርንጎ አንዴ ዞራ አየችና ሮጠች። ሌሎቹም ተከትለዋት ሮጡ። ማዕዘኑን ሲዞሩ ከበሮው እንደገና ጀመረ።

አክስቴ ጣሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ ገብቼ ከማድጋው ኋላ ተሸጎጥኩና ራሴን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ፈልጋ አገኘችኝ።

"አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?"

"በኔ ነው" አልኳት። "ቆረቆሬ ይጋባብናል ብለው ነው። አባዬ ጋ መልሱኝ።"

የተጠቀለለ ራሴን አየች። ቀጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አገር ያሸሸው ያንተ መላጣ ነው? ወይ ጉድ! ይህን ጉድ ሞላ ሲሰማ!" ጨርቁን ፈትታ ከጣሳው አንድ አበባ ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ። ያ የሚከረፋው ቢጫው ነበር። ከዚያ የተረፈውን አበባ ጣሳው ውስጥ እንዳለ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው፤ እስኪጠወልግ ድረስ አልጣለችውም። ማታ ሳቋ አልነበረም። ተኝታ "ምን በደልኳቸው" ስትል ሰማኋት፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

ጳጉሜን ላይ የሩፋኤል ዝናብ ሲዘንብ ልብሴን አስወልቃ ደጅ አቆመችኝ። "ይህ ዝናብ ያጥበዋል፤ ዝም ብለህ ቁም" አለችኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ቆምኩ። በሁለተኛው ቀን ራሴን ስዳብሰው ቅርፊቱ ረግፏል። በቃ፣ አሁን ሰው ይመጣል አልኩ።

መጣም። አያ ደምሴ ሁለት ሰዎች አስከትሎ፣ ዶማና ገጀራ ይዞ ገባ። ለኔ ነገሩ ሁሉ ገጠመ፤ ራሴ ስለዳነ መጡ።

"ስመኝ፣ ይኼ አጥር ሊወድቅ ነው" አለ አያ ደምሴ። ግን የሚያየው አጥሩን አይደለም፤ ግቢውን ነው። "ግቢውም ጠቧል። የታችኛውን መደብ ብናነሣውና ሜዳ ብናደርገው…"

"ሞላ የተከለውን? ኧረ በሞቴ! ሲመጣ ምን ልለው ነው?"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ዶማውን ከትከሻው አውርዶ ተደገፈው። 

አክስቴ አያቸውና ፊቷ በራ። "አገኘኋችሁ! ለዳስ ነው! ለጥር ዳስ መጣያ ነው አይደል? ሞላ ነው የላከባችሁ! ሳይነግረኝ!"

አያ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ… ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ ያስፈልጋል" አለ።

"ታዲያ ምን ትደብቁኛላችሁ! ጨረስኳችሁ እኮ በጥርጣሬ!" ብላ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ከነሱ ጋር ገባችበት። በራሷ እጅ ነቀለችው። እኔም ነቀልኩ። ሰዎቹ ሳያቋርጡ፣ ቀና ሳይሉ ቆፈሩ። እሷ ግን እያንዳንዱን ግንድ እየሳመች፣ "ይቅር በለኝ፣ ለደስታ ነው" እያለች ታስቀምጠዋለች። አያ ደምሴ "ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ" ነው ያለው፤ አልዋሸም። የማን ሰው፣ ለምን፣ እሱን አልተናገረም።

የእንሶስላው ሥር የወጣው ያን ጊዜ ነው። ድንች ድንች የሚያካክል፣ ሲቆርጡት ደም የመሰለ። አክስቴ አፈሩን እያራገፈች፣ "ከወጣ አይቀር ልሙቀው" አለች። "ለዘመን መለወጫ የሞላ እጮኛ ቤተሰቦች ይመጣሉ። እናትየው አሮጊት ናት እንዳይሉ።"

በዋዜማው ከሰዓት እትዬ ዳሳሽን አስጠራቻት። ሥሩ ተወቅጦ፣ ሞቅ ተደርጎ ተቀምጧል። ለራስ እጅ ራስ ማሰር አይቻልም፤ ሌላ ሰው ነው እጅን በቅጠል የሚጠቀልል።

"እጄን ያመኛል፣ ስመኝዬ" አለች ዳሳሽ በሩ ላይ ቆማ።

"ግቢና!"

"ደግሞ በዚህ ዕድሜ… ለመስቀል ብናደርገው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ በልጄ ሠርግ ልትመቀኚኝ ነው?"

ዳሳሽ ገባች። እስካሁን አያታለሁ። የአክስቴን መዳፍ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንሶስላውን በጣት በጣቷ እየመረገች፣ በጉሎ ቅጠል እየጠቀለለች፣ በክር እያሰረች እንባዋ ይወርዳል። ልታብሰው እጇ ተይዟል።

"ምን ሆነሻል?"

"እንሶስላው ዓይኔ ገባ።"

"ልጁ፣ በጨርቅ ጥረግላት" አለችኝ አክስቴ። ጠረግሁላት። እትዬ ዳሳሽ ስጠርግላት እጄን ሳመችው። አሁንማ ራሴ ድኗል፣ ስለዚህ ነው አልኩ።

በማግሥቱ ቅጠሉ ሲፈታ እጇ እስከ አንጓዋ ቀይ ሆኗል። እንዲህ ያማረ ነገር አላየሁም። እጇን ወደ ፀሐይ ታነሣለች፣ ታገላብጣለች፣ እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። የእጮኛዪቱ ቤተሰቦች ግን አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። "ወንዙ ነው" አለች። ወንዙ ግን ጎድሎ ነበር፤ ኋላ የሙጃ ዘመዶችም ለመርዶው የተሻገሩት በዚያ ምክንያት ነው።

አንድ ማለዳ ጎህ ሲቀድ ደጅ የእግር ኮቴ ተሰማ። የብዙ ሰው እግር ነው፤ ግን ማንም አያወራም። አክስቴ ብድግ አለች። "እንግዶቹ! በዚህ ማለዳ! ተነሥ፣ ጀሪካኖቹን ከመንገድ አንሣ፣ እንዳያደናቅፋቸው!" ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጠጉሯን በቀይ እጇ ዳብሳ በሩን ከፈተች።

ግቢው ሞልቷል። ጠጅ ሣሩ ላይ ቆመዋል፤ አሪቲውን ረግጠውታል፤ ሽታው ቤት ድረስ ገባ። ከፊት የንስሐ አባቷ አባ ወልዴ ናቸው። ከኋላ ሴቶቹ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው።

"ስመኝ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ" አሉ አባ።

አልተቀመጠችም። ሴቶቹን አየች። "ማን ነው?" አለች።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ።"

"አባ፣ ማን ነው? ይንገሩኝ! ወንድሜ ነው? ካሤ ነው?"

ሕዝቡ ተከፈለና አባቴ ከኋላ ወደ ፊት መጣ። "አለሁ እቴ" አላት። "እኔ አለሁ።"

በቃ። የሞላን ስም የጠራ የለም። አባቴ በሕይወት መቆሙ ነው የነገራት። ከሱ ሌላ የቀራት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ያወጣችውን ድምፅ አልጽፈውም። ደረቷን ስትመታ እትዬ ዳሳሽና ሌሎቹ ሴቶች ተሯሩጠው እጇን ያዙ፤ ከመምታት ሊከለክሏት አልነበረም፤ በነጠላ ሊሸፍኑት ነው። ሐዘን ላይ ቀይ እጅ! የሙጃ ዘመዶች አይተው ምን ይላሉ! አክስቴ ያኔ ቆም ብላ እጇን አየችው። ገልብጣ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው።

"መቼ ነው?" አለች በቀስታ።

ሴቶቹ ነጠላውን እጇ ላይ ጣል አደረጉ።

"መቼ ነው የሞተው?"

"ሐምሌ" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ሐምሌ" አለች። ዞራ ዳሳሽን አየቻት። "አንቺ ታውቂ ነበር?" ዳሳሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ደምሴ፣ አንተስ? ስፍራውን ያስነቀልከኝ ለዚህ ነው?" አያ ደምሴ ቆቡን አወለቀ። "ትርንጎ? አንቺስ፣ ልጅቷ?" ትርንጎ እናቷ ኋላ ገባች። "ካሤ?" አባቴ፣ "እቴ፣ ለአንቺው ብለን ነው" ሊል ጀመረና አልጨረሰውም። አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው፤ አንድ በአንድ አንገት ደፉ። ግቢውን ዞራ ስትጨርስ እኔ ጋ ደረሰች። ጀሪካን አቅፌ በሩ ሥር ቆሜ ነበር።

"አንተም ታውቅ ነበር?"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አባቴ በዓይኑ የሆነ ነገር ሊለኝ ይሞክራል። እኔ እውነቴን ነው፣ ማን እንደሞተ እንኳ ገና አልገባኝም ነበር።

"ምኑን?" አልኳት።

ሴቶቹ የሸፈኑባትን ነጠላ ከእጇ ገፈፈችና ጣለችው። በዚያ ቀይ እጇ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፤ ጀሪካኑ ወደቀ። ባዶው ስፍራ ላይ፣ መሬት ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አባቴ በሌላው ጎኗ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል እጇን ዘርግታ መለሰችው።

"እዚያ" አለችው። "ከነሱ ጋር።"